ትንሹ ባቡር በማን እጅ ይሠራ?

የአንድ አገር ሕዝብ በሥራ ምን ያህል እንደ በረታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ብቻ መመልከት አይበቃውም። ሕፃናቱ በምን እንደሚጫወቱ፥ መጫወቻቸውንም ማን እንደ ሠራላቸው ደግሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ በትንሹ ይታወቃልና።

መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊና ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን ከእህሉና ከበርበሬው፥ ከሸክላውና ከሰሌኑ አጠገብ በሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ከዕቃውም መካከል ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድና የሚጮኽ፥ በቻይና አገር የተሠራ ትንሽ ባቡር ይገኛል። ባንድ ገበያ ቀን አንድ ልጅ ከዚህ ባቡር ፊት ቆሞ እጅግ ረጅም ጊዜ ሲመለከተው አየን። የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ሳይገዛው ሄደ። በሳምንቱ ግን ያው ልጅ ከሰርዲን ቆርቆሮ አራት ፉርጎ ሠርቶ፥ ፉርጎዎቹን በሽቦ አያይዞ፥ ከጠርሙስ ቆርኪ መንኰራኵር አበጅቶ በገመድ ሲጐትት አገኘነው። ይህ ልጅ እውነተኛ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሐዲድ እስከ ዛሬ ወደ ጣና ዳር አልደረሰምና። ያየው የባቡርን ምስል ብቻ ነው፤ ምስሉንም አይቶ የራሱን ምስል ሠራ።

«ልጄ፥ ይህን ማን ሠራልህ?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ራሴ ነኝ ጋሼ» አለን። በአጠገቡ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «ተወው ጌታዬ፥ ጥናቱን ትቶ እንደ ቀጥቃጭ ቆርቆሮ ሲመታ ይውላል» አሉ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የልጁ ባቡርና የሽማግሌው ቃል በአንድ ስፍራ መገናኘታቸው ነው። የመጫወቻ ዕቃ በአገር ውስጥ ይሠራ ወይስ ከውጭ ይምጣ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በጉምሩክ መሥሪያ ቤት ብቻ እንዳይመስለን፤ አስቀድሞ በዚህ በሽማግሌው አነጋገር ውስጥ ተቋጥሮ ይገኛል።

ጉዳዩ የልጅ ጨዋታ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። ሞዴል የሚባለውን ትንሽ ባቡር መሥራት በኢንዱስትሪ በበለጸጉት አገሮች ዘንድ ራሱን የቻለ ጥበብና ንግድ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሥራውም ልክ አለው። በብዙ አገር የታወቀው ልክ እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት ነው። እውነተኛው ሐዲድ ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የትንሹ ሐዲድ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። የቀድሞው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለ ነበረ፥ በዚሁ ልክ ቢሠራ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠራ ሰው ሒሳብ ማወቅ፥ ንድፍ ማንበብ፥ ብረት መቍረጥና መበየድ፥ የኤሌክትሪክንም ጠባይ መረዳት አለበት። ትንሹን ባቡር በሚገባ የሠራ እጅ ትልቁን ለመጠገን ሩቅ አይደለም።

በጀርመን አገር ጎፒንገን በምትባል ከተማ ሜርክሊን የሚባል ቤተ ሰብ እ.ኤ.አ. በ1859 ለአሻንጕሊት ቤት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ መሥራት ጀመረ፤ በ1891ም በላይፕሲግ ትርኢት ላይ ልኩ የተወሰነ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። በእንግሊዝ አገር ፍራንክ ሆርንቢ የሚባል ሰው ልጆች እየገጣጠሙ ብዙ ነገር የሚሠሩበትን ባለ ቀዳዳ የብረት መጫወቻ በ1901 አስመዘገበ፤ በ1920ም በሞላ የሚሄድ ባቡር አወጣ። በአሜሪካም ሊዮኔል የተባለው ኩባንያ በ1900 ተመሠረተ። እነዚህ ሦስቱ በየአገራቸው እየሠሩ፥ የየአገራቸውን ባቡር መልክ እየቀረጹ ኖሩ። የብዙ መሐንዲስም ፍቅረ ጥበብ በልጅነቱ ከነዚህ መጫወቻዎች ጋራ ተጀመረ።

ኋላ ግን የሠራተኛው ደመወዝ እየጨመረ ስለ ሄደ፥ ባለ ኩባንያዎቹ ዋጋው ወደሚረክስበት አገር ማየት ጀመሩ። ሊዮኔል እ.ኤ.አ. በ1983 ገደማ ሥራውን ወደ ሜክሲኮ አዛወረ፤ ነገር ግን የዕቃው ጥራት ስለ ጐደለና ስለ ዘገየ ጥቂት ቆይቶ ወደ አገሩ መለሰው። ከ2000 ወዲህ ግን እንደ ገና ወደ እስያ ሄደ። የሆርንቢም ሥራ በ1990ዎቹ ከማርጌት ከተማ ወደ ቻይና ተሻገረ። ዕቃው ረከሰ፥ መልኩም እጅግ አማረ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ2012 ገደማ በቻይና ዋናው አቅራቢ የነበረው ፋብሪካ ሥራው ሲታወክ፥ የሆርንቢ ኩባንያ ለደንበኞቹ የሚያቀርበው ዕቃ አጥሮት ታላቅ ችግር ደረሰበት። ንድፉ በሣጥኑ፥ ስሙም በደጁ ላይ ነበረ፤ የሚሠራው እጅ ግን በሰው አገር ነበረ። ሜርክሊንም በ2009 ዕዳውን መክፈል ተስኖት ወደ ዳኛ ከቀረበ በኋላ ሲቋቋም፥ በቻይና ይሠራ ከነበረው ከፊሉን ወደ አውሮፓ መለሰ። በጎፒንገንና በሃንጋሪ ሥራውን የሚያውቁ ሠራተኞችን ጨርሶ ስላላሰናበተ መመለሻ ነበረው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ምክር በውጭ አገር የተሠራ ሁሉ ክፉ ነው የሚል አይደለም። ዕቃ ከርካሽ ወደ ርካሽ ስፍራ ሊዘዋወር ይችላል፤ የሰው እጅ ጥበብ ግን አንድ ጊዜ ከተበተነ በገንዘብ ብቻ አይሰበሰብም። የመጫወቻ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ አገር ዋጋውን በብር ብቻ የከፈለ ይመስለዋል፤ ሳይሠለጥን የቀረውን ልጅ ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይጽፈውም።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ሠፍረው ሳለ፥ ከደንገል ታላላቅ ጀልባ አሠርተው በጐኑ በሰው ጕልበት የሚዞር መንኰራኵር እንዳስገጠሙለት በዚያን ጊዜ በሰፈራቸው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ በወሬ ሰምተው፥ በእጃቸው ባለው ደንገል ምሳሌውን ሊያዩ ወደዱ። የመሸንቲው ልጅ በሰርዲን ቆርቆሮ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል? በዚያው ዓመት ፍላድ የተባለውን ሰው ወደ እንግሊዝ የላኩት የእጅ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን እንዲያመጣላቸው ነበረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩትንም አውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ እንዲያፈሱ አዘዟቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ከዚያ ወጥቶ ወደ መቅደላ ተጐተተ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት የተሠራውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውን እጅ ነበረ። ከመቅደላ በኋላ ግን የጋፋት ሥራ ቤት ወራሽ ሳያገኝ ቀረ።

ስለ ዐፄ ምኒልክም እንዲህ ተብሎ ይተረካል። የስዊስ አገር ሰው የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፥ ንጉሡ አስቀድመው ጫማ እንዲሠራላቸው፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ጠመንጃ ከአውሮፓ ተገዝቶ ቢመጣ ዋጋው እንደሚረክስ ቢነግራቸውም፥ እዚሁ እንዲሠራ ግድ አሉት። ለዚሁ ለኢልግ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ተሰጠ። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት ጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ነገር ግን በድሬዳዋ በተተከለው የባቡር ጥገና ሥራ ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያን ብረት መቅረጽና መበየድ ተማሩ። የድሬዳዋ ባለ እጅ በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀው በዚህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የከተማ ባቡር ሥራውን ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ሁለቱንም የቻይና ኩባንያዎች ሠሯቸው፤ ሐዲዱም ሆነ ጐታቹ ባቡር ከውጭ የመጣ ነው፤ በመጀመሪያዎቹም ዓመታት የሚያንቀሳቅሱት እነዚያው የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ባቡር መግዛታችን ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን የሚጠግነውና የሚነዳው እጅ ከልጅነቱ ካልተዘጋጀ፥ ባቡሩን የገዛ አገር ከባቡሩ ጋራ ባለሙያውንም በየዓመቱ ሲገዛ ይኖራል።

አሁን ደግሞ ወደ ጣና ዳር እንመለስ፤ ጥበብ በዚህ አካባቢ ጨርሶ የለም የሚል ሰው ይሳሳታልና። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ደንገሉን ከባሕሩ ዳር አጭደው፥ አድርቀውና አስረው የሚሠሩት ታንኳ ያለ ምስማርና ያለ ብረት ሰውና እንጨት ተሸክሞ ማዕበል ይሻገራል። ታንኳውን አሳንሰው በክንድ ልክ ሠርተው በባሕር ዳር ለእንግዳ የሚሸጡ አሉ። እንግዲህ ሞዴል መሥራት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባቡር ባይሆንም ታንኳ ሆኖ በደጃችን ይሸጣል።

የኖርዌይ ተወላጅ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ራ የተባለችውን የደንገል መርከብ ባሠራ ጊዜ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበረ። መርከቢቱ ግን በግብፅ አገር በፒራሚዶቹ አጠገብ፥ ከቻድ በመጡ ሠራተኞች እጅ ተሠራች። በዓመቱም ሁለተኛዋ ራ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች፤ እርስዋን የሠሩት ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ የኛ ሲሆን፥ የሥራው ክብር ለሌላ ሆነ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር ይመስላል። ዛሬ ደግሞ የእርሻው መስፋት ደንገሉን እያመናመነው ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እንቦጭም የባሕሩን ዳር አስጨንቆታል። ጥበብ ከሠሪው ጋራ፥ ሠሪውም ከሚሠራበት ነገር ጋራ እንዳይጠፋ ያሠጋል።

አሁን የሽማግሌውን ቃል እንመርምር። «እንደ ቀጥቃጭ» ብለው የተናገሩት በክፋት አይደለም፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው። ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፥ ሸክላ የምትሠራው ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ታንኳ ሠሪዎቹም ወገኖቻችን ከዚህ ንቀት አልተረፉም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በገበያ ይሰማል። እንግዲህ ልጁ ከሰርዲን ቆርቆሮ ባቡር በሠራ ጊዜ የሚሰማው ስድብ ከሆነ፥ የቻይናውን ባቡር ከገበያችን ማን ያስወጣዋል?

በዚህ ረገድ ካህናቶቻችን ከማንም ይልቅ ሊናገሩ ይችላሉ። ጻድቁ ዮሴፍ ጠራቢ እንደ ነበረ፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር እንደ ነበረ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የተጠበቁት መጻሕፍትም ቢጠየቁ ይመሰክራሉ፤ ቆዳው ሳይፋቅ ብራና፥ ብረቱ ሳይቀጠቀጥ መስቀል፥ እንጨቱ ሳይጠረብ መንበር የሆነበት ጊዜ የለምና። ወንጌሉን የሚሳለም ምእመን የፋቂውን እጅ ሥራ ይሳለማል። ይህ ነገር በአውደ ምሕረት ቢነገር፥ በመሸንቲ ያሉት ሽማግሌ ልጁን ከማሳፈር ይመለሳሉ ብለን እናምናለን።

ስለ ዋጋው ነገር ደግሞ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። የፕላስቲክ ዕቃ የሚረክስበት ምክንያት የታወቀ ነው። የብረቱን ቅርጽ ማውጫ ማሠራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቅርጹ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ግን በመቶ ሺህ የሚቈጠር ዕቃ ስለሚወጣበት ወጪው ለያንዳንዱ ዕቃ ሲካፈል ከምንም አይቈጠርም። ጥቂት የሚሠራ ሰው በዚህ መንገድ ቢወዳደር ይከስራል። ስለዚህ ያንኑ የፕላስቲክ ባቡር በመሸንቲ እንሥራ የሚል ቢኖር ምክሩ አይቀናም። የውጭውን ዕቃ በአዋጅ መከልከልም ብቻውን ጥበብን አይወልድም፤ ኮንትሮባንድን ያበረታል፥ ለሰነፍ ሠሪም መጠለያ ይሆናል። በአገር ውስጥ የተሠራ ክፉ ዕቃ ለአገር ፍቅር ተብሎ እንዲገዛ መለመን የጥበብ ውርደት ነው። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ስለ ጀመረ የውጭው ዕቃ ዋጋ እንደ ቀድሞው ርካሽ አይደለም፤ እንጨትና ደንገል፥ ጥጥና የተጣለ ቆርቆሮ ግን ከደጃችን ይገኛሉ። በነዚህ የሚሠራ መጫወቻ በመልኩም በዕድሜውም ከፕላስቲኩ ሊበልጥ ይችላል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በአካባቢው አለ። በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን በተከፈለ የጦርነት ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጣና ዳር ልጆች ከመኪና ሥራ ጋራ እንዲተዋወቁ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኋላ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋራ ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከመሸንቲ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የቆርቆሮውን ባቡር የሠራው ልጅ ግን ያን መንገድ የሚሄደው ማን እጁን ይዞ ቢወስደው ነው?

ስለዚህ ለክቡራን ባለ ሥልጣኖች የምናቀርበው አሳብ ትልቅ ፋብሪካ ይተከል የሚል አይደለም። በመሸንቲና መሸንቲን በመሰሉ ከተሞች በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጥ። በክፍሉም ጠንካራ ጠረጴዛ፥ ሞርሳ፥ ሞረድ፥ መጋዝ፥ የቆርቆሮ መቀስና መዶሻ ይግባ። ከዩኒቨርሲቲው የቴክኒክ ተማሪዎች በተራ እየመጡ ንድፍ ማንበብን፥ መለካትን ያስተምሩ። ከነርሱ ጋራ ደግሞ ታንኳ የሚሠሩት፥ ብረት የሚቀጠቅጡት፥ እንጨት የሚጠርቡት ያገር ባለሙያዎች ተገቢው ዋጋ እየተከፈላቸው በመምህርነት ማዕርግ ይቀመጡ። ልጆቹም በዓመቱ መጨረሻ ባቡርን፥ ታንኳን፥ የዓባይን ድልድይ በልክ አሳንሰው ሠርተው ያሳዩ። መሥሪያ ቤቶች ለትምህርት መሣሪያና ለእንግዳ ስጦታ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ዕቃ ያውሉ፤ ነገር ግን ልኩ ያልተስተካከለውን አይግዙ፤ እንዲታረም መልሰው ይላኩት። ሠሪው እጁ የሚታረመው በልመና ሳይሆን በልክ ነውና።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ወዲያው ሎኮሞቲቭ ይሠራል አንልም። በአንድ ትውልድ ውስጥ ግን ባቡር ሲሰበር የሚጠግን፥ ፋብሪካ ሲቆም የሚያስነሣ፥ በባሕሩም ላይ የሚሄደውን ጀልባ በአገሩ የሚያንጽ ሰው ይገኛል። ሐዲዱ አንድ ቀን ወደ ጣና ቢደርስ፥ የጣና ልጅ ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀበለውም።

ያን ቀን በመሸንቲ ልጁ የሽማግሌውን ቃል በሰማ ጊዜ ባቡሩን ከመሬት አንሥቶ በጋቢው ውስጥ ሸሸገው። የአገር ውስጥ ሥራ የሚጐድለው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው በቀለለ፤ ሠሪው በሠራው ነገር አፍሮ ከሸሸገው ግን በገበያ ላይ የሚቀረው የሌላው ዕቃ ብቻ ነው። ባለ ሥልጣኑ በደንቡ፥ ካህኑ በስብከቱ፥ አባትም በቤቱ ተባብረው ያን ልጅ «አሳየን እስቲ» ይበሉት። የእጃችንን ሥራ እንድናከብር እግዚአብሔር ይርዳን።